ትንሹን፣ መካከለኛውን ወይስ ትልቁን? ስለ ዱድል መጠን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቡላ የሚባል ጎልደንዱድል አለኝ፤ ዘንድሮ አምስት ዓመት ሞላው። ከእሱ ጋር ስወጣ የሚያስቆመኝ ሐበሻ ብዙ ነው። ልጆቹ ውሻ ግዛልን እያሉ የሚወተውቱት አባት፣ ብቻዋን የምትኖር ወጣት፣ ልጅ ለማየት የመጡ እናት። ወሬው ከየትም ይጀመር መድረሻው አንድ ነው፦ "ትንሹን ልግዛ ወይስ እንዲህ ያለውን?" ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ዱድል ዘሩ ምንድን ነው? ለምንስ አንዱ ድመት፣ ሌላው ጥጃ ያክላል?

ዱድል አንድ ዘር አይደለም። ፑድል የሚባለው ጸጉረ ጥቅልል ውሻ ከሌላ ውሻ ጋር ተዳቅሎ የሚወለደው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ከጎልደን ሪትሪቨር ጋር ከሆነ ጎልደንዱድል፣ ከላብራዶር ጋር ላብራዱድል፣ ከበርኒዝ ማውንቴን ዶግ ጋር በርንዱድል ይሉታል። ማልቲፑ ከማልቲዝ፣ ካቫፑ ከካቫሊየር፣ ኮካፑ ከኮከር ስፓንየል የሚገኙት ትንንሾቹ ናቸው።

የመጠኑ ልዩነት የሚጀምረው ከራሱ ከፑድሉ ነው። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ፑድልን በሦስት ይከፍለዋል። ቶይ የሚባለው እስከ ትከሻው ሲለካ ከ25 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሚኒየቸር ከ25 እስከ 38 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ስታንዳርድ ነው። ቶይ ፑድል ሦስት ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ወንዱ ስታንዳርድ ደግሞ 30 ኪሎ ይገባል። እንግዲህ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ሌላ ዘር ሲጨመርበት አስቡት።

ዱድልን ዝነኛ ያደረገው ሰው ዋሊ ኮንሮን ይባላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሾችን በሚያሰለጥን ድርጅት ይሠራ ነበር። አንዲት የሃዋይ ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ፈለገች፤ ባሏ ግን የውሻ አለርጂ ነበረበት። ኮንሮን መጀመሪያ ፑድሎችን ለማሰልጠን ሞከረ፤ አልተሳካም። ከዚያ ስታንዳርድ ፑድልን ከላብራዶር ጋር አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። የሦስቱም ጸጉርና ምራቅ ወደ ሃዋይ ተልኮ ለሰውየው የተስማማው የአንዱ ብቻ ሆነ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለምክንያት ነው። የዚያ ውሻ መጠን የተወሰነው በሥራው ነው። ሰው መምራት ነበረበት፤ ስለዚህ ትልቅ መሆን ነበረበት። የእናንተም ውሻ መጠን መወሰን ያለበት ቤታችሁ ውስጥ በሚጠብቀው ኑሮ ነው። ኮንሮን ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል፤ ሰው ለገንዘብ ብሎ ያለ ጥንቃቄ ማዳቀል ጀመረ ብሎ።

"ሚኒ"፣ "ሚዲየም"፣ "ስታንዳርድ" ሲሉ ስንት ኪሎ ማለታቸው ነው?

ለጎልደንዱድል የሰሜን አሜሪካ የጎልደንዱድል ማኅበር ክፍፍል ጥሩ መነሻ ነው። ፔቲት ከ25 ፓውንድ በታች ነው፤ 11 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ሚኒ ከ26 እስከ 35 ፓውንድ፣ ሚዲየም ከ36 እስከ 50 ነው። ከ51 ፓውንድ ጀምሮ፣ ማለትም ከ23 ኪሎ በላይ፣ ስታንዳርድ ይባላል።

ግን ልብ በሉ። ማንም አርቢ ይህን የመከተል ግዴታ የለበትም። አንዱ ሚኒ ያለውን ሌላው ሚዲየም ይለዋል። ቡላ የተሸጠልን "ሚዲየም ነው፣ ቢበዛ 40 ፓውንድ" ተብሎ ነው። አሥራ አራተኛ ወሩ ላይ 64 ፓውንድ መዘነ። ያኔ የምንኖርበት አፓርትመንት ውል ላይ ከ50 ፓውንድ በላይ ውሻ አይፈቀድም ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ልጄ ቡላን አቅፋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ከውሻውና ከቤቱ አንዱን መምረጥ ነበረብን። ቤቱን ለቀቅን።

ስለዚህ ስሙን ተዉትና በቁጥር ጠይቁ። ስንት ፓውንድ? ትከሻው ድረስ ስንት ሴንቲ ሜትር?

ቡችላው ሲያድግ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

በግምት ይቻላል፤ በእርግጠኝነት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ ጎረቤታችን፣ ሜሪላንድ ቤተዝዳ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ነገር አገኙ። ትንንሽ ውሾችን ትንሽ በማድረግ ዋናው ድርሻ አይጂኤፍ-1 የሚባል የአንድ ዘረ መል ነው። ሌሎችም ዘረ መሎች አሉበት። ቡችላው ከእናትና ከአባቱ የትኛውን እንደወረሰ በዓይን ብቻ አይታወቅም።

አርቢዎች ኤፍ 1፣ ኤፍ 1 ቢ፣ ኤፍ 2 ሲሉ ትሰማላችሁ። ኤፍ 1 ማለት እናት ንጹሕ ጎልደን፣ አባት ንጹሕ ፑድል ሆነው የወለዱት ነው። ኤፍ 1 ቢ ያ ዱድል እንደገና ከፑድል ጋር ሲዳቀል ነው። ኤፍ 2 ዱድል ከዱድል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በመጠኑ ከሞላ ጎደል ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሰው ቤተሰብ ነው፤ አንዱ አያቱን፣ ሌላው አክስቱን ይዞ ይወጣል። ከአንድ ሆድ የወጡ ወንድማማቾች ሲያድጉ አንዱ 25፣ ሌላው 45 ፓውንድ ቢመዝኑ አይግረማችሁ።

አርቢውን ይህን ጠይቁ። የእናትና የአባት ክብደት ስንት ነው? እኔ ላያቸው እችላለሁ? ከእነዚሁ ወላጆች ቀደም ብለው የተወለዱት ዛሬ ስንት ይመዝናሉ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ያደጉ ወንድሞችና እህቶች ካሉ ፎቷቸውን ሳይሆን የሐኪም ቤት ሚዛን ያሳየውን ቁጥር አምጡ በሉ። አርቢው ዝም ካለ ወይ "ሁሉም ያው ናቸው" ካለ ሌላ ፈልጉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኛ አንዱንም ሳንጠይቅ ነው ቅድሚያ የከፈልነው።

የመዳፉን ትልቅነት አይቶ መገመት ብዙ አያስኬድም። የአራት ወር ክብደቱን በሁለት ማባዛት ለመካከለኛና ለትልቅ ውሻ የተሻለ ግምት ይሰጣል፤ ግን ያን ጊዜ ውሻው ቤታችሁ ገብቷል። ትንንሾቹ ዓመት ሳይሞላቸው እድገታቸውን ይጨርሳሉ። ትልልቆቹ ዓመት ተኩል ድረስ ይቆያሉ።

"ቲካፕ" የሚባሉትን፣ ከልክ በላይ ትንሽ እንዲሆኑ የሚዳቀሉትን፣ በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አትግዙ። በጣም ትንሽ ቡችላ አንድ ምግብ ሲያልፈው እንኳ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

አፓርትመንት ነው የምንኖረው። ትንሽ መሆኑ የግድ አይደለም?

መጀመሪያ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ብዙ አፓርትመንቶች የክብደት ገደብ አላቸው፤ 25፣ 35 ወይም 50 ፓውንድ ሊሆን ይችላል። በየወሩ የሚከፈል የውሻ ኪራይም አለ። ገደባችሁ 35 ከሆነ "35 ይሆናል" የተባለ ውሻ አትውሰዱ። 25 የተባለውን ውሰዱ።

ከውሉ ውጭ ግን የካሬው ስፋት ሰዎች እንደሚያስቡት ወሳኝ አይደለም። በሥርዓት የሚንሸራሸር ትልቅ ዱድል ቤት ሲገባ ይተኛል። ፑድል ድሮ ከውሃ ውስጥ የተመታ ዳክዬ የሚያመጣ የአደን ውሻ ነበር፤ ጎልደንና ላብራዶርም እንደዚያው ናቸው። ዱድል በሁለት በኩል የሥራ ውሻ ደም አለበት። ሚኒውም ቢሆን ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውል አሻንጉሊት አይደለም። ስታንዳርዱ በቀን አንድ ሰዓት እና ከዚያ በላይ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ሆስፒታል የ12 ሰዓት ሽፍት የምትሠሩ፣ ሌሊት ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ካላችሁ፣ ከመጠኑ በፊት በመካከል ማን እንደሚያወጣው አስቡ። ትንሽ ውሻ ሽንቱን ብዙ መያዝ አይችልም።

ትንንሽ ልጆች አሉን። ትንሹ አይሻልም?

ሁሉም ሰው ትንሽ ልጅ፣ ትንሽ ውሻ ይላል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን አራት ኪሎ ማልቲፑ አንሥታ ትጥላለች። እግሩ ይሰበራል። ትንሽ ውሻ ሲፈራም ይነክሳል። በሌላ በኩል፣ 60 ፓውንድ የሚመዝን የስምንት ወር ጎረምሳ ዱድል በደስታ ዘሎ ልጅን ወለል ላይ ይዘርራል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ልጆቻችሁ ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑ የእኔ ምርጫ ከ25 እስከ 45 ፓውንድ ያለው ነው። ሲታቀፍ አይሰበርም፤ ሲዘልም አይጥልም።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱንም አትወድም።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ከሁሉም ይበዛል። ከልብ ነው የምመልሰው።

ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እሳቸው ከሆኑ ውሻውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። መጠኑን መወሰን ያለበት የእሳቸው ጉልበት ነው። ጥር ላይ በረዶ በጠጠረበት መንገድ 60 ፓውንድ ውሻ ሽኮኮ አይቶ ገመዱን ቢስብ ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። ትንሽ ውሻ ደግሞ እግራቸው ስር እየገባ ሊያደናቅፋቸው ይችላል። ከ20 እስከ 30 ፓውንድ ያለው፣ ሰከን ያለ ውሻ ይሻላል። ቀለሙም ከምንጣፉ ቢለይ ጥሩ ነው።

ስለ ቤት መግባቱ ደግሞ አገር ቤት ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው፤ እሳቸው ያደጉት በዚያ ነው፤ መናቅ የለባቸውም። የጸሎት ቦታቸው ያለበት ክፍል በሩ ተዘግቶ ይዋል። ይህን ውሻው ከመምጣቱ በፊት ተስማሙ። የቡላ ነገር እናቴን ለማስማማት አንድ ዓመት ፈጅቷል፤ ዛሬም እሷ ክፍል አይገባም።

ሌላም አለ። ቡና ስናፈላ ረከቦቱ ወለል ላይ ነው። የስታንዳርድ ዱድል ጅራት ከሲኒው ጋር እኩል ነው፤ ሲደሰት ደግሞ ጅራቱን አይቆጣጠርም። የፈላ ጀበናና እሳት ያለበት ቦታ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቡላ ቡና ሲፈላ የሚተኛበት የራሱ ምንጣፍ አለው። ይህን ለማስተማር አራት ወር ሠርተናል።

ለአለርጂ ትንሽ ዱድል ይሻላል?

አለርጂ የማያስነሣ ውሻ የለም። አለርጂውን የሚያመጣው ፕሮቲን ያለው በምራቁ፣ በቆዳው ፍርፋሪና በሽንቱ ነው። ጸጉር አለመርገፉ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ላብራዱድልና ፑድልን ከሌሎች ውሾች ጋር አነጻጽረው፣ "ለአለርጂ ተስማሚ" የሚባሉት ያነሰ አለርጂ አምጪ እንዳላቸው ማረጋገጫ አላገኙም። ጸጉራቸው ላይ እንዲያውም የበለጠ ተገኝቷል። ትንሽ ውሻ የሚያራግፈው ቆዳ በመጠኑ ያነሰ መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁንና አለርጂ ያለበት ሰው ከዚያው ከሚወሰደው ውሻ ጋር ደጋግሞ ሰዓታት ያሳልፍ። የሌላ ሰው ዱድል ስለተስማማው የእናንተም ይስማማዋል ማለት አይደለም፤ ከኮንሮን ሦስት ቡችሎች የተስማማው አንዱ ብቻ ነበር።

ጸጉሩን መንከባከብ በመጠኑ ይለያያል?

በጣም። ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት የማያስቡበት፣ ከገዙ በኋላ ደግሞ የሚጨነቁበት ዋናው ነገር ይህ ነው።

የፑድል ጸጉር እንደ ሰው ጸጉር ያድጋል እንጂ አይቆምም። የሚረግፈውም መሬት አይወርድም፤ ከቆመው ጋር ተጠላልፎ ይቋጠራል። ቋጠሮው ከቆዳው አጠገብ ይጀምራል። ከላይ ሲታይ ያምራል፤ ከስር ግን እንደ ምንጣፍ ጠጥሯል፤ ቆዳውን ይወጥራል፣ ያቆስላል። ያኔ ያለው መፍትሔ ሙልጭ አድርጎ መላጨት ነው።

የሴት ልጁን ጸጉር ያበጠረ ሐበሻ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ጸጉሩን ክፍል ክፍል ታደርጉታላችሁ፣ ከጫፍ ትጀምራላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ሥሩ ትገባላችሁ። መጨረሻ ላይ የብረት ማበጠሪያ ከቆዳው ጀምሮ ሳይያዝ ካለፈ አልቋል። ከጆሮ ኋላ፣ ከብብት ስርና አንገት ማሰሪያው ካለበት ቦታ አትርሱ።

አሁን ይህን በመጠን አባዙት። ቡላን በሥርዓት ለማበጠር 50 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ በሳምንት ሦስቴ። ጓደኛዬ ማልቲፑዋን በ15 ደቂቃ ትጨርሳለች፤ ቡና እየጠጣች ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔ ቡላን ወለል ላይ አስተኝቼ፣ ገልብጬ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜም ወደ ግሩመር (የውሻ ጸጉር ቆራጭ) ይሄዳል፤ ለትልቅ ዱድል በአንድ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ መክፈል እዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ጸጉሩን አሳጥሮ ማስቆረጥ ይችላል። ያ ነውር አይደለም፤ ውሻው እንዲያውም ይመቸዋል።

በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ከሌላችሁ ስታንዳርድ አትውሰዱ። ይህን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ነው።

ሌላስ ወጪ?

ምግብ፣ የቁንጫና የልብ ትል መድኃኒት፣ ማደንዘዣ፣ ማሳደሪያ በክብደት ይጨምራሉ። ክትባትና ማይክሮቺፕ ያው ናቸው። የቡችላው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው፤ ትንሹ ይወደዳል።

የትኛው መጠን ጤነኛ ነው?

ትንንሾቹ ባጠቃላይ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ። ግን የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። የጉልበት ሎሚያቸው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ጥርሳቸው ተፋፍጎ ቶሎ ይበላሻል። ካቫፑ ከካቫሊየር ወገኑ የልብ ቫልቭ ችግር ሊወርስ ይችላል። ትልልቆቹ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይታያል። ስታንዳርድ ፑድል ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋ አለበት፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው። ሆዱ ተወጥሮ፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ሐኪም ሩጡ። በርንዱድልን የምታስቡ፣ የበርኒዝ ዕድሜ አጭር መሆኑን እወቁ።

"ድቅል ስለሆነ ጤነኛ ነው" የሚባለውን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደኑ ሮያል ቬተሪናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ካቫፑ፣ ኮካፑና ላብራዱድልን ከወላጅ ዘሮቻቸው ጋር አነጻጽረው በአብዛኛዎቹ በሽታዎች ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ የወላጆቹን ምርመራ ጠይቁ። የዳሌ ምርመራ የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው በሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ከሁለት ዓመት በታች ካሉ ወላጆች የተወለደ ትልቅ ዱድል አትግዙ።

ከእኛ ምግብ ቢቀምስስ?

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። ወጣችን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሽንኩርት ነው። እዚህ ላይ መጠን ሕይወት ነው። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ያደርሳል። ለአምስት ኪሎ ካቫፑ 75 ግራም ማለት ከአንድ ራስ ሽንኩርት አይበልጥም። ትልቁ ውሻ የበለጠ ይችላል፤ ግን ትልቁ ራሱ ማዕድ ላይ ይደርሳል። ለቡላ መሶቡ ክዳን ከሌለው ማንም የማይከለክለው ሳህን ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት፣ ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና የቡና አተላም ለየትኛውም መጠን አይሰጥም።

ወደ አዲስ አበባ ይዤው መሄድ እችላለሁ?

ውሻ ካቢን ውስጥ የሚያስገባ አየር መንገድ ቢገኝ እንኳ፣ ውሻው ከወንበር ስር በሚገባ ቦርሳ ውስጥ ቆሞ መዞር መቻል አለበት። ስለዚህ ነገሩ የሚሆነው በጣም ለትንንሾቹ ብቻ ነው። ትልቁ በጭነት ክፍል ነው የሚሄደው። ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ አየር መንገዶች "ለስሜት ድጋፍ" የሚያዝ ውሻን እንደ አገልግሎት ውሻ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም።

ከባዱ መመለሱ ነው። ኢትዮጵያ በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዝርዝር ላይ የውሻ እብደት በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመለስ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የክትባት ወረቀቱ የተሟላ መሆን አለበት። ወረቀቱ ከአሜሪካ ሳትወጡ ነው የሚሠራው። ለሦስት ሳምንት ጉዞ ከሆነ እዚሁ ለሚያምኑት ሰው መተው ይሻላል።

ወንድ ወይስ ሴት?

ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ፓውንድ ይበልጣል። ገደባችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ሴት ፈልጉ።

ከቡችላ ይልቅ ያደገ ብንወስድስ?

መጠኑ ከሁሉ በላይ ለሚያሳስባችሁ ይህ ነው መልሱ። ባለቤት ያጡ ዱድሎችን የሚያስጠጉ ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ አሉ። ከሚመጡት ብዙዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ከተባለው በላይ ስላደጉ፣ ወይ ጸጉራቸውን የሚያበጥር ስለጠፋ የተሰጡ ናቸው። ዓመት ተኩል ያለፈው ውሻ ከዚህ በላይ አያድግም። ክብደቱ፣ ጸባዩ፣ የጸጉሩ ዓይነት፣ ከልጅ ጋር ያለው ነገር ፊት ለፊታችሁ ነው።

ልታዩት ስትሄዱ ሚዛን ላይ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ገመዱን ይዛችሁ ውጭ አንድ ዙር አዙሩት። እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ገመዱን እሳቸውም ይያዙት።